መጀመሪያ ጡት ማስያዣው

ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ስባ ዘጋችና ከስፌት መኪናዋ አጠገብ የነበረውን በርጩማ አስጠጋች። «ይቀመጡ እትዬ።» እትዬ ያለቻቸው ሴት ገና ሃምሳ አልሞላቸውም። ነጠላቸውን አውርደው ጭናቸው ላይ አጣጥፈው አኖሩ። ከያዙት ፌስታል ውስጥ ሁለት ጡት ማስያዣ፣ ታጥቦ የተተኮሰ ስስ የጥጥ ካናቴራ እና በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«የቀኙ ተነሥቷል» አሉ፤ ድምፃቸውን አልቀነሱም። «እዚህ ውስጥ ኪስ እንድትሰፊልኝ ነው የመጣሁት።»

«ኪስ? ጡት ማስያዣ ውስጥ?»

«አዎ የኔ ልጅ። የሚገባው ነገር እንዳይንከራተት።»

ልጅቷ በአብዛኛው የምትሠራው የተማሪ ዩኒፎርም ማጥበብ፣ ዚፕ መቀየር፣ የቀሚስ ጫፍ ማሳጠር ነው። እንዲህ ያለ ሥራ መጥቶላት አያውቅም። ጡት ማስያዣውን ገለበጠችው፣ መዳፏን ካፑ ውስጥ ከተተች፣ ጥቂት አሰበችና «ክፍቱን በብብት በኩል ልተወው? እንዲያ ከሆነ ማስገባቱም ማውጣቱም አያስቸግርዎትም» አለች። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። ሥራው ሲሠራ እንዳይ ፈቅደውልኝ አብሬያቸው የሄድኩት ጎረቤታቸው ነኝ።

ሴትዮዋ እዚህ የስፌት ቤት በር ላይ እስኪደርሱ ድረስ ብዙ ነገር ሞክረዋል። መጀመሪያ የተጠቀለለ ካልሲ ነበር። ከዚያ የታጠፈ ጨርቅ፣ ከዚያ ከፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ፣ በመጨረሻም በከረጢት የተሰፋ ጥጥ። ካልሲው እስከ አንገታቸው ሥር ይወጣል፤ ስፖንጁ ላብ ይይዛል፤ ጥጡ ሁለት ቀን ሳይሞላው ይጓጉላል። እሳቸው የሚሞላውን ሲቀያይሩ ጡት ማስያዣው ግን ያው ከሕመሙ በፊት ይለብሱት የነበረው፣ ማንገቻው የቀጠነ፣ ላስቲኩ የላላ ነበር። ይህን ስሕተት ገንዘብ ያላቸውም ይሠሩታል። ውድ የሲሊኮን ጡት ገዝተው አሮጌ ጡት ማስያዣ ውስጥ ይከቱታል፤ ከዚያ «አልተመቸኝም» ብለው መሳቢያ ውስጥ ይዘጉበታል። እኔ እስካየሁት ድረስ ከሕክምናው በኋላ የሚያስፈልገውን ምቾት ከግማሽ በላይ የሚወስነው ጡት ማስያዣው ነው። ሰው ሠራሹ ጡት በሁለተኛ ደረጃ የሚመጣ ነው።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ወይም ከዚያም የሚያንሱ፣ ልጅ የሚያሳድጉና ሥራ የሚውሉ ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱትም በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጡቱን ማትረፍ እንደሚቻል አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም በርናርድ ፊሸርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጀመሩት ጥናት አሳይተዋል። ይህ የሚታመነው ግን ጨረር ሲከተለው ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ የተወሰነ ነበር። እነዚህ ምክንያቶች ተደምረው በእኛ ዘንድ ሙሉው ጡት ከብብት ንፍፊቶች ጋር አብሮ መነሣቱ የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምን እንደሚለበስ መነጋገር ቅንጦት አይደለም።

ምን እንደሚለበስ ለመምረጥ ሰውነት ላይ ምን እንደተለወጠ ማወቅ ይቀድማል። ንፍፊቶቹ ከብብት ሲወጡ በዚያ ወገን ያለው የሊምፍ ፈሳሽ የሚሄድበት መንገድ ይጠባል። በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክንዱ ወይም የደረቱ ጎን ወዲያው፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ያብጣል። ቀጭንና የሚቆርጥ ማንገቻ፣ ወይም ጎድን የሚያንቅ ጥብጣብ፣ ይህን ፈሳሽ ይበልጥ ያግደዋል። ሌላው ለውጥ የነርቭ ነው። ወደ ክንድ ውስጠኛ ገጽ የሚሄደው ነርቭ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ብዙ ጊዜ ስለሚቆረጥ ወይም ስለሚጎዳ የብብቱ አካባቢና የደረቱ ቆዳ ይደነዝዛል። የደነዘዘ ቆዳ ደግሞ ስፌት ሲፈትገው፣ መንጠቆ ሲወጋው አይናገርም። እዚህ ላይ «ሲያመኝ አውቀዋለሁ» ማለት አያዋጣም፤ በዐይን ማየት ያስፈልጋል። ማታ ጡት ማስያዣው ሲወልቅ መስተዋት ፊት ቆሞ ትከሻን፣ ጎንንና ጠባሳውን መመልከት ነው። ቀለል ያለ መስመር ኖሮ ቶሎ ከጠፋ ደህና ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ያልጠፋ ቅላት ወይም ጉድጓድ ካለ ልብሱ ጠብቧል፤ ወይ ይሰፋል ወይ ይቀየራል። ኬሎይድ፣ ማለትም ያበጠ ጠባሳ፣ የሚያወጣ ቆዳ ያላቸው ሴቶች ደግሞ የስፌቱ መስመር በጠባሳው ላይ በቀጥታ እንዳያልፍ የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው።

ጊዜውም የራሱ ሥርዓት አለው። ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ ገና ባልወጣበት ሰሞን የሚያስፈልገው በፊት በኩል የሚከፈት፣ ለስላሳና ላላ ያለ የጥጥ ልብስ ብቻ ነው። ክንድ ወደ ላይ ማንሣት በሚያስቸግርበት በዚያ ጊዜ በራስ በኩል የሚጠለቅ ነገር ማሠቃያ ነው። ቁስሉ እየጠገገ ሲሄድ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ምንም ክብደት የሌለው የጨርቅ ወይም የጥጥ ጡት መጠቀም ይቻላል። ክብደት ያለው ሲሊኮን ግን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋና እብጠቱ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው። ጨረር የሚከተል ከሆነ ቆዳው ስለሚቆጣ ጊዜው ይረዝማል። ለመጀመሪያው ሠርግ ወይም ክርስትና ለመድረስ ሲባል ቀድሞ መግዛት የሚያተርፈው ነገር የለም። ያበጠ ደረት ላይ የተለካ ልክ ከሁለት ወር በኋላ ልክ አይሆንም።

ወደ ስፌት ቤቱ እንመለስ። ልጅቷ ካናቴራውን ዘርግታ ካፑን ላዩ ላይ አስቀመጠችና በሳሙና ቁራጭ ዙሪያውን አሰመረች። ስትቆርጥ ግን ከመስመሩ ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጣች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «የሚገባው ነገር ሆድ አለው፤ ልክ ልኩን ብቆርጠው ኪሱ ይጨንቀዋል» አለችኝ። የካናቴራ ጨርቅ መሆኑም ጥሩ ነው፤ ስለሚለጠጥ እና ላብ ስለሚመጥ ከሸማ ወይም ከፖፕሊን ይሻላል። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ሰፋችው፤ የብብቱን ወገን ክፍት ተወችው። የጨርቁ ቁራጭ ጫፍ ቆዳ እንዳይነካ ወደ ካፑ ወገን አዞረችው። ስፌቱ ሲያልቅ ሴትዮዋ ጣታቸውን በውስጡ እያመላለሱ ለረጅም ጊዜ ዳሰሱት። ጥሩ ሰፊ ያለበት ሰፈር የሚኖር ሰው ልዩ ጡት ማስያዣ ከውጭ እስኪመጣለት መጠበቅ አያስፈልገውም።

ግን ኪስ የሚሰፋለት ጡት ማስያዣ የትኛውም አይደለም። ሴትዮዋ ካመጧቸው ሁለቱ አንዱ ተመልሶ ወደ ፌስታሉ ገባ፤ እንዲገባ የፈረድኩትም እኔ ነኝ። ያማረ ዳንቴል ነበረው፣ ነገር ግን መሐሉ ከጣት የማይሰፋ፣ ካፑ ደግሞ ግማሽ ጡት ብቻ የሚሸፍን ነው። ጡት ሲኖር ሥጋው ራሱ ካፑን ሞልቶ ይይዘዋል። ጡት በሌለበት ግን ከላይ ያለው ጠርዝ ደረት ላይ ካልተለጠፈ ጎንበስ ሲሉ ይከፈትና ውስጡ ያለው ሁሉ ይታያል። ስለዚህ ካፑ ሙሉ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ቁራጭ ሰፋና ከፍ ያለ፣ የላይኛው ጠርዝ ለስላሳ ላስቲክ ያለው ይሁን። የጎኑ ቁመት ከብብት በታች የሚተርፈውን የቆዳ እጥፋት የሚሸፍን ያህል መሆን አለበት። ብዙ ሴቶች ስለዚህ እጥፋት አስቀድሞ የሚነግራቸው ስለሌለ ሲያዩት ይደነግጣሉ፤ የተለመደ ነገር ነው። ሽቦ ያለው ጡት ማስያዣ ቁስሉ እስኪድን ፈጽሞ አይሆንም። ከዚያም በኋላ ጠባሳው ላይ እስካላረፈ ድረስ ክልክል ባይሆንም አብዛኛዋ ሴት አያስፈልጋትም፤ ሽቦው ጨርቁን ቀዶ ሲወጣ ሲሊኮኑንም ይወጋዋል።

ክብደቱን መሸከም ያለበት ከጡት ሥር ዙሪያውን የሚሄደው ጥብጣብ ነው። ማንገቻው ማረጋጋት ብቻ ነው ሥራው። ጥብጣቡ ሲላላ ሰው ሳያውቀው ማንገቻውን ያሳጥራል፤ ያን ጊዜ ሸክሙ በሙሉ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ያውም ንፍፊት በወጣበት ትከሻ ላይ። ትክክለኛ ጥብጣብ በጀርባ በኩል ወደ ላይ አይወጣም፣ ከፊት ካለው ጋር እኩል ይሆናል፣ ከሥሩም ሁለት ጣት ያሳልፋል። ሲገዙት በመጨረሻው፣ ማለትም በጣም በሚላላው መንጠቆ ላይ ልክ የሆነውን ይምረጡ። ላስቲክ እየዋለ ሲሄድ ስለሚለጠጥ የቀሩት መንጠቆዎች ያን ጊዜ ይደርሳሉ። ማንገቻው ሰፊ ይሁን፤ ካልሆነም ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ይሰፋበት።

በመርካቶም በሳልቫጅም ገዢን የሚያሳስተው የቁጥሩ ነገር ነው። አሜሪካ 36 ያለችውን አብዛኛው አውሮፓ 80፣ ፈረንሳይ 95 ትለዋለች፤ ሦስቱም አንድ ልክ ናቸው። ፊደሉ ደግሞ ብቻውን ምንም አይናገርም። የ36 ቢ ካፕና የ34 ሲ ካፕ የሚይዙት እኩል ነው። ስለዚህ ጥብጣቡ ጠቦ አንድ ቁጥር ከፍ ያለች ሴት ፊደሉን በአንድ ዝቅ ታድርግ፤ አለዚያ ካፑ ይሰፋና ሰው ሠራሹ ጡት ውስጡ ይዋኛል። የሚለካው ትንፋሽ ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ ሜትሩ ከመሬት ጋር እኩል ሆኖ፣ ከጡት ሥር ነው። በኬሞና በሆርሞን መድኃኒት ምክንያት ክብደት ስለሚለዋወጥ ያለፈው ዓመት ልክ ላይ መተማመን አይገባም።

አሁን ወደ ሚሞላው እንምጣ። የዛሬዎቹን ሰው ሠራሽ ጡቶች ታሪክ ሳነብ የገረመኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1959 ባርቢ የተባለችውን አሻንጉሊት ለገበያ ያቀረበችው የማቴል ኩባንያ መሥራች ሩት ሃንድለር፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የጡት ካንሰር ተገኝቶባት የግራ ጡቷ ተነሣ። ለሕፃናት ጡት ያላት አሻንጉሊት በመሥራቷ ስትተች የኖረች ሴት ራሷ ጡት ፍለጋ ገበያ ወጣች። ያገኘቻቸው ሁሉ ቅርጽ የሌላቸው፣ ግራና ቀኝ የማይለዩ ነበሩ። ሰው ሠራሽ አካል ከሚሠራው ከፔይተን ማሲ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ «ኒርሊ ሚ» የተባለውን ምርት አወጣች፤ ለግራ የግራ፣ ለቀኝ የቀኝ። ከእሷ ጋር የሠሩት አብዛኞቹ ጡታቸው የተነሣ ሴቶች ነበሩ። በየመደብሩ እየዞረች ሴቶችን በእጇ ትለካ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1974 ጡቷ የተነሣው የፕሬዚዳንት ፎርድ ባለቤት ቤቲ ፎርድም ከለካቻቸው አንዷ ናት። ሃንድለር የገባት ነገር ቀላል ነው። የሚመረጠው ሴትዮዋ ከለበሰችው በኋላ እንጂ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እያለ አይደለም።

ዛሬ በየአገሩ የሚሸጡት ቅርጾች ጥቂት ናቸው። ሦስት ማዕዘን መሰሉ በየትኛውም ወገን ይገባል፤ ለጀማሪ የሚያስቸግር አይደለም። ሁለት ጎኑ እኩል ያልሆነው ወደ ብብት የሚረዝም ጅራት ስላለው ለግራና ለቀኝ ይለያያል፤ ከብብት ሥር ብዙ ሥጋ ለተነሣላት ሴት የሚሆነው እሱ ነው። ጡቷ በከፊል ለተነሣ ሴት ደግሞ ስስ ሽፋን መሰል አለ። ከምንም በላይ ግን ክብደቱን ልብ ይሏል። መካከለኛ መጠን ያለው ሙሉ ሲሊኮን ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የተፈጥሮ ጡትም ያን ያህል ሊመዝን ይችላል፤ እሱን ግን ቆዳና ሥጋ ይሸከመዋል፤ ሲሊኮኑ በጡት ማስያዣው ላይ ብቻ ስለሚንጠለጠል የበለጠ ይከብዳል። አንገቷን ወይም ትከሻዋን የሚያማት፣ ክንዷ የሚያብጥባት፣ ወይም ሙቀት በሚበዛበት በድሬዳዋ ወይም በአፋር የምትኖር ሴት ቀለል ብሎ የተሠራውን ሲሊኮን ወይም የጨርቁን ብትመርጥ ምንም አይጎድልባትም። በሌላ በኩል አንዱ ጡቷ የቀረላትና የቀረውም ትልቅ የሆነ ሴት ፈጽሞ ቀላል ነገር ስታደርግ ጡት ማስያዣው በአንድ ወገን ወደ ላይ ይጎተትባታል። ለእሷ ክብደቱ ጠቃሚ ነው። ሁለቱም ለተነሡላት ነፃነቱ ሰፊ ነው፤ ከድሮው ያነሰ መጠን መምረጥ ትችላለች። ብዙዎችም ይህን ያደርጋሉ፣ ደግሞም ደስ ይላቸዋል።

በቀጥታ ቆዳ ላይ የሚለጠፉ አሉ። ጥሩ ናቸው፤ ግን ለሻረ፣ ለደረቀና ለማይቆጣ ቆዳ ብቻ። ጨረር በቅርቡ ላገኘው ደረት እኔ አልመክርም።

ሲሊኮን መግዛት ለማይቻላት ሴት ሌላ መንገድ አለ፤ እንዲያውም የእኛ አገር ሴቶች ከማንም በላይ የሚያውቁት መንገድ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በቤሊንግሃም ከተማ፣ ጡቷ የተነሣ ባርባራ ዴሞረስት የተባለች ሴት ከጓደኞቿ ጋር ከጥጥ ክር የተሠራ ጡት እየሠራች በነፃ ማደል ጀመረች። ዛሬ በብዙ አገሮች ያሉ በጎ ፈቃደኞች በዚያው ንድፍ ይሠራሉ። አንዳንዶቹ በሹራብ መርፌ፣ አንዳንዶቹ በኪሮሽ። ኪሮሽ! የቴሌቪዥን ማልበሻና የሶፋ ዳንቴል የማትሠራ እናት በየትኛው ሰፈር ታጣለች? ጎረቤቴ በመሐረብ ጠቅልለው ያመጡት ያን ነበር፤ እህታቸው የሠራችላቸው፣ ከመሐል ክብ ተጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ፣ ከኋላ የሚከፈት። ክሩ ጥጥ ነው። ውስጡ በአዲስ የትራስ ፋይበር ተሞልቷል። ክብደት እንዲኖረው ከታች በኩል በትንሽ ከረጢት የተሰፋ የመስተዋት ዶቃ ገብቶበታል፤ ዶቃው እየተጨመረና እየተቀነሰ ከቀረው ጡት ጋር እስኪመጣጠን ይሞከራል። አንዳንዶች በዶቃው ፋንታ ሩዝ ወይም ምስር ያስገባሉ። ይህን አታድርጉ፤ እህል ላብ ሲነካው ይሻግታል፣ ነቀዝም ያፈራል። ከመታጠቡ በፊት ፋይበሩና ዶቃው ይወጣል፣ ክሩ በእጅ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይሰጣል።

የተሰፋው ጡት ማስያዣ ሲለበስ ልጅቷ ከመጋረጃው ውጭ ቆየች። ሴትዮዋ ስስ ሹራብ ደርበው መስተዋቱ ፊት ቆሙ። ከፊት ደህና ነው፤ ከጎንም ደህና ነው። ያኔ «እስቲ ልስገድ» ብለው ለራሳቸው አጉተመተሙና ግንባራቸው ጉልበታቸው እስኪነካ ጎነበሱ። በቤተ ክርስቲያን ከሰው መካከል ስግደት ላይ ሳሉ ስፖንጁ ሲሾልክ የተሰማቸውን ድንጋጤ ቀደም ሲል ነግረውኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ በዐቢይ ጾም እንኳን ከኋላ፣ ከግንብ ሥር ነበር የሚቆሙት። አሁን ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ቁጭ ብለው ቡና እንደሚቆላ ሰው ወደ ፊት አዘነበሉ፣ ሊጥ ከምጣድ ጠርዝ እንደሚያዞሩ ቀኝ ክንዳቸውን አሽከረከሩ፣ ሁለቱንም እጆቻቸውን ወደ ላይ አነሡ። ክንዱ ሲነሣ ጥብጣቡ በትንሹ አብሮ ወጣ። ልጅቷ ገብታ መንጠቆውን አንድ ደረጃ አጠበቀችው። የውጭ መደብሮች ውስጥ ልዩ ሥልጠና ያላቸው ለኪዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሰው ቆሞ ብቻ አይኖርም፤ ልብሱም በምንሠራው ሥራ ይፈተን። ቢቻል የተገዛው ነገር መጀመሪያ ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን እየተለበሰ ይለመድ።

አያያዙ ብዙ ወሬ አይፈልግም። ሲሊኮን በየቀኑ በለብታ ውኃና በቀላል ሳሙና ታጥቦ በጨርቅ ይደርቃል፣ ቅርጹ እንዳይጎብጥ በመጣበት ሳጥን ውስጥ ያድራል። ትልቁ ጠላቱ መርፌ ቁልፍ ነው። ነጠላን ወይም ሻሽን ደረት ላይ በመርፌ ቁልፍ የማያያዝ ልማድ ያላት ሴት ቦታውን ወደ ትከሻ ትቀይር፤ አንድ ቀዳዳ ውዱን ዕቃ ያበላሸዋል። በአውሮፕላን ስትበር በሲሊኮኑ ውስጥ ትንንሽ አረፋ ብታይ አትደንግጥ፤ የአየር ግፊቱ ሲመለስ ይጠፋሉ። በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች የደኅንነት ፍተሻ ሠራተኞች ሰው ሠራሽ ጡት እንድታወልቅ ወይም ገልጣ እንድታሳይ አያስገድዷትም። በሴት ሠራተኛና በተከለለ ቦታ እንድትፈተሽ መጠየቅም መብቷ ነው።

ምንም ላለማድረግ የምትመርጥ ሴትም አለች፤ ምርጫዋም ሙሉ ነው። አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኦድሪ ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1978 ጡቷ ከተነሣ በኋላ ያመጡላትን የበግ ጠጉር ጡት አልፈለገችውም። ቀለሙ እንኳን የጥቁር ሴት ቆዳ የሚመስል አልነበረም። ያለ ሰው ሠራሽ ጡት ወደ ሐኪሟ ክፍል ስትሄድ ነርሷ ለክሊኒኩ ሞራል አይበጅም ብላ እንደገሠጸቻት እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው የካንሰር ማስታወሻዋ ጽፋለች። የእኛም ሰው ከዚህ ነርስ ብዙ አይለይም፤ «ሰው እንዳያይብሽ» ማለት ይቀናናል። አንዲት ሴት ሰው ሠራሽ ጡት የምታደርገው ቀሚሷ እንዲያምርባት ወይም ትከሻዋ ሚዛን እንዲይዝላት ከሆነ መልካም ነው። የጎረቤት ዐይን ስለከበዳት ብቻ የሚያሳክካትን ነገር ቀኑን ሙሉ ተሸክማ መዋል ግን የለባትም። ለቤተ ክርስቲያንና ለሥራ እያደረገች ቤቷ ስትገባ ማውለቅም ትችላለች። ሌሊት ማድረግ አያስፈልግም።

ይህን ከምታነቡት መካከል ውጭ አገር ያላችሁ ብዙ ናችሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕግ ጡት ማንሣትን የሚሸፍን የጤና መድን ሰው ሠራሽ ጡትንና ለሊምፍ እብጠት የሚደረገውን ሕክምናም እንዲሸፍን ያዛል። የመንግሥቱ የአረጋውያን የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ የሲሊኮኑን በየሁለት ዓመቱ፣ የስፖንጅና የጨርቁን በየ6 ወሩ ይተካል፣ ኪስ ያለውን ጡት ማስያዣም ይጨምራል። የሚፈለገው የሐኪም ማዘዣ ነው። በእንግሊዝ ብሔራዊው የጤና አገልግሎት የመጀመሪያውን በነፃ ይሰጣል። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በለንደን፣ ይህን ሳታውቁ ከኪሳችሁ የከፈላችሁ ወይም ካልሲ የምትጠቀልሉ እህቶች፣ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ማዘዣውን ጠይቁ።

አገር ቤት ላለች እናት፣ እህት ወይም አክስት የምትልኩ ደግሞ በግምት አትግዙ። «መካከለኛ ናት» ተብሎ በሻንጣ የመጣ ሲሊኮን መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ለዚህ ነው። ደውላችሁ የተነሣው የቀኝ ይሁን የግራ ወይም ሁለቱም፣ ከጡት ሥር ያለው ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ስንት እንደሆነ፣ የቀረው ጡት የሚሞላው የትኛውን ካፕ እንደሆነ፣ ክንዷ የሚያብጥ መሆን አለመሆኑንና ቁስሉ መዳኑን ጠይቁ። እሷ በስልክ ለመናገር ካፈረች ሴት ልጇ ወይም እህቷ ትለካት። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሲሊኮኑን ትታችሁ ኪስ ያላቸው፣ ማንገቻቸው የሰፋ፣ ሽቦ የሌላቸው ሁለት የጥጥ ጡት ማስያዣዎች ላኩላት፤ የሚሞላውን በኪሮሽ የሚሠራ ሰው እዚሁ አይጠፋም።